ቃለ ጉባኤ ያለው፣ ጠሪ የሌለው ኮሚቴ፦ ከሰሜን ሸዋ አንድ የጉዳይ ጥናት

መነሻው

ታካሚው ከመንዝ የመጡ አዛውንት ገበሬ ናቸው። ስኳር እንዳለባቸው ያወቁት እግራቸው ላይ የወጣ ቁስል አልድን ሲላቸው ነው። ሆስፒታል ሲደርሱ ሁለት ጣቶቻቸው ጠቁረው ነበር። ሐኪሞቹ እግሩ ከጉልበት በታች መቆረጥ እንዳለበት ተስማሙ። ትልቁ ልጅ "ይቆረጥ፣ ብቻ ይትረፉልኝ" አለ። ሁለተኛው ልጅ ደግሞ "መጀመሪያ ጻድቃኔ ማርያም ሄደው ይጠመቁ" ብሎ ድርቅ አለ። አዛውንቱ ራሳቸው ብዙ አልተናገሩም። ነርሷ ስትጠይቃቸው "እነሱ ያውቃሉ ልጄ" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሐኪሙ ጉዳዩን ለሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ በደብዳቤ አቀረበ። ኮሚቴው ተሰበሰበ። የውሳኔ ሐሳቡ በጥሩ አማርኛ ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ማህተም አረፈበት። ደብዳቤው ዋርድ ሲደርስ ግን አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቶበታል። ቤተሰቡ "በራሳችን ፈቃድ ወጥተናል" የሚለውን ቅጽ ፈርሞ አዛውንቱን ይዞ ሄዷል። ከሳምንታት በኋላ ሲመለሱ የሞተው ሥጋ ወደ ላይ ወጥቷል። ቀዶ ሕክምናው ከጉልበት በላይ ሆነ።

ሜዲካል ዳይሬክተሩ ቃለ ጉባኤውን ደግመው ሲያነቡት አንድ ነገር ከነከናቸው። "ከቤተሰቡ ጋር ውይይት ተደርጓል" ይላል። ከታካሚው ጋር ስለመነጋገር አንድ መስመር የለበትም። አዛውንቱ ደግሞ አእምሯቸው ንጹሕ ነበር፤ የሚሉት ቢጠየቁ ይመልሱ ነበር። "ይሄ ኮሚቴ ግን በእርግጥ ይሠራል?" የሚለው ጥያቄ ከዚህ ተነሳ። ትንሽ የግምገማ ቡድን ተዋቀረ። እኔም ከውጭ ሆኜ እንዳግዝ ተጋበዝኩ።

የሆስፒታሉንም የሰዎቹንም ስም አልጠቅስም። ማንነትን ሊጠቁሙ የሚችሉ ጥቃቅን ነገሮችንም ለውጫለሁ።

ሆስፒታሉ ያለበት አገር

ሰሜን ሸዋ ደጋም ቆላም ነው። ከላይ ደብረ ብርሃንና መንዝ አሉ። ጣርማበርን ሲወርዱ ሸዋሮቢትና አጣዬ ይመጣሉ። ሆስፒታሉ ከሁሉም በኩል ታካሚ ይቀበላል፤ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ ከበድ ያለ ሕመም ሁሉ ሪፈር ይባላል። "ሪፈር" የሚለው ቃል ግን ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ መንገድና አልጋ ብቻ አይደለም። የሚሸጥ በሬ አለው፣ የሚቀር እርሻ አለው፣ የሚተው ልጅ አለው። የጤና መድን ካርድ ያለው ሰው እንኳ የአስታማሚ ምግብና ከውጭ የሚገዛ መድኃኒት ከኪሱ ነው።

ሌላው ፀበል ነው። ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ ከሩቅ አገር ሰው የሚጎርፍባቸው ቦታዎች ናቸው። ከሆስፒታል ወደ ፀበል፣ ከፀበል ወደ ሆስፒታል መመላለስ እዚህ እንግዳ ነገር አይደለም። ይህንን እንደ ኋላቀርነት የሚያይ ሐኪም ታካሚውን በበሩ ይሸኛል፣ መልሶ ግን አያገኘውም።

ኮሚቴው ምንድን ነው፣ ምን አይደለም?

የሆስፒታል የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚባለው አማካሪ አካል ነው። ሕክምናው ላይ ሐኪሙ፣ ታካሚውና ቤተሰቡ ሲለያዩ፣ ወይም ሁሉም ተስማምተው የአንዱ ሕሊና እምቢ ሲለው፣ ቁጭ ብሎ የሚያማክር ነው። በዓለም ላይ ይበልጥ የታወቀው በ1976 እ.ኤ.አ. የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በካረን አን ኩዊንላን ጉዳይ ከወሰነ በኋላ ነው። ወጣቷ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ነበረች። ወላጆቿ መሣሪያው እንዲነሳ ጠየቁ። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለው ነገር በሆስፒታል የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዲታይ አመለከተ።

እኛ ዘንድ ሥነ ምግባር ነክ ሥራ ያላቸው አካላት ብዙ ናቸው። የምርምር ፕሮፖዛል የሚያይ አለ። ባለሙያ ጥፋት ሠርቷል ሲባል አቤቱታ የሚመረምር የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ። በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ክፍል አለ። በዚህ ላይ የውስጥ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይጨመራል። አልጋ ዳር ያለውን ጭንቅ ለማማከር የተቋቋመው ኮሚቴ በእነዚህ መሐል ተውጦ ነበር። ይህ ቀላል ግራ መጋባት ይመስላል። ዋናው በሽታ ግን እሱ ሆኖ ተገኘ።

መጀመሪያ የተቆጠረው

ግምገማው የተጀመረው ሁሉም መሥሪያ ቤት በሚጀምርበት ቦታ ነው፤ በፋይል። ኮሚቴው የማቋቋሚያ ደብዳቤ አለው። የሥራ መመሪያ አለው። አባላቱ በስም ተዘርዝረዋል፤ ሐኪሞች፣ የአስተዳደር ሰው፣ ፋርማሲስት፣ አንድ ቄስ። ስብሰባዎቹ በወቅቱ ተካሂደዋል። በቼክሊስት ቢሆን ኮሚቴው ሙሉ ነጥብ ያገኛል። እዚህ ላይ ብንቆም ሪፖርቱ በአንድ ከሰዓት ያልቅ ነበር።

አጀንዳዎቹ ሲነበቡ ግን ሌላ መልክ መጣ። አርፍዶ የሚገባ ባለሙያ። በአስታማሚ ላይ የጮኸ ጥበቃ። የጠፋ ካርድ። ሁለት ነርሶች የተጣሉበት ጉዳይ። የታካሚ ሕክምና ላይ የተነሳ እውነተኛ ጭንቅ ያለባቸው ገጾች ጥቂት ናቸው። ሆስፒታሉ ኮሚቴውን የቅሬታ መያዣ አድርጎታል።

ቡድኑ በሌላ አገር እንዴት እንደሚለካ ለማየት ሞከረ። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት ብዙ ይጠቀሳል። በ7 ሆስፒታሎች የፅኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ በነበሩ 551 ታካሚዎች ላይ የተደረገ ነው። የሥነ ምግባር ምክክር በተደረገላቸው ዘንድ፣ በመጨረሻ ሕይወታቸው ካለፈው መካከል፣ በሆስፒታልና በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ የቆዩባቸው ቀናት ቀንሰዋል። የሞት መጠኑ ግን ልዩነት አላሳየም። ማለትም ምክክሩ ማንንም ሳይጎዳ የማይጠቅም ሕክምናን አሳጥሯል።

ጥሩ መለኪያ ነው፤ ለእነሱ። እዚህ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሰሜን ሸዋ ላይ ያለው ችግር ታካሚ በመሣሪያ ላይ መክረሙ አይደለም። ቶሎ መውጣቱ ነው። ገንዘቡ አልቆ፣ እርሻው ደርሶ፣ "ይቆረጣል" የሚል ቃል ሰምቶ ይሄዳል። እዚህ የአልጋ ቀናት ቢያጥሩ የኮሚቴው ድል ላይሆን ይችላል፤ ምናልባትም ውድቀቱ ነው። መለኪያን ከነቁጥሩ መዋስ አያዋጣም።

የጉዳዮች ብዛትም ብዙ አይነግርም። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ አገር አቀፍ ዳሰሳ 81 በመቶ ሆስፒታሎች የሥነ ምግባር ምክክር አገልግሎት እንዳላቸው አሳይቷል። ሆስፒታሎቹ በምክክር ብዛት ቢደረደሩ ግን መሐል ላይ በሚውለው ሆስፒታል በዓመት የተደረጉት ምክክሮች 3 ብቻ ነበሩ። ያን ያህል ሀብት ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ "ስንት ጉዳይ አያችሁ?" ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም።

ጥያቄው ሲገለበጥ

ማትሮኗ፣ የነርሶቹ ኃላፊ፣ ናቸው መንገዱን ያሳዩት። "ኮሚቴው ያየውን ለምን ትቆጥራላችሁ? ያላየውን ቁጠሩ" አሉ። በራሳቸው ፈቃድ የወጡ ታካሚዎች መዝገብ አለ። ቀዶ ሕክምና እምቢ ያሉ ሰዎች ካርድ አለ። ሪፈር ተጽፎላቸው ያልሄዱ ሰዎች ሪፈርን በሚያስተባብረው በላያዘን ክፍል ይታወቃሉ። ቡድኑ ከእነዚህ መዝገቦች ተነስቶ ወደ ኋላ ካርድ ማገላበጥ ጀመረ። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የሚጠየቀው አንድ ነው፦ ኮሚቴው እዚህ ሊጠራ ይገባ ነበር? ከሆነስ ለምን አልተጠራም?

ካርድ ክፍሉ አስቸገረ። የተወሰኑ ካርዶች ጠፍተዋል፣ አንዳንዶቹ ላይ "ፔሸንት ሌፍት" (ታካሚው ሄዷል) ከሚል አንድ መስመር በቀር የተጻፈ የለም። ቢሆንም የተገኘው በቂ ነበር። መጠራት የሚገባበት ቦታ ላይ ያልተጠራበት ጊዜ ከተጠራበት እጅግ ይበልጣል።

የስምምነት ቅጾቹም ተናገሩ። ለአካለ መጠን የደረሱ፣ አእምሯቸው ደህና የሆነ ሴቶች ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው የፈረመው ባል ወይም ወንድም የሆነባቸው ቅጾች ተገኙ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው የሕክምና ወይም የቀዶ ሕክምና ምርመራና ሕክምናን በማንኛውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። እምቢታው የራሱ ከሆነ እሺታውም የራሱ ነው። የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ ቁጥጥርን የሚመለከተው ደንብ ቁጥር 299/2006ም በባለሙያዎች ሥነ ምግባር ሥር የታካሚን ፈቃድና ምስጢር ይመለከታል። ሕጉ አልጠፋም። ከዋርዱ ጠረጴዛ ላይ ነው የጠፋው።

ከዚያ ሰው ማናገር ተጀመረ። ነርሶቹ መጀመሪያ ዝም አሉ። ቆይቶ አንዷ "እዚያ የሚቀርብ ሰው ጥፋተኛ ነው ብለን ነው የምናስበው" አለች። በቃ፣ መልሱ ይኸው ነው። ያረፍዳል ተብሎ የተከሰሰ ባለሙያ በቀረበበት ጠረጴዛ ላይ ማን "ጨንቆኛል፣ አማክሩኝ" ብሎ ይቀርባል? ጠቅላላ ሐኪሞቹ ደግሞ ደብዳቤ ጽፎ፣ በሜዲካል ዳይሬክተር አስመርቶ፣ ስብሰባ መጠበቅ ሰለቻቸው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ደም አልወስድም የሚል ሰው ሲመጣ የሚጠራ ስልክ አልነበረም።

የታካሚዎች መጠይቅ ከሸፈ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው "አገልግሎቱ እንዴት ነው?" ሲል የሸዋ ሰው ምን እንደሚል የታወቀ ነው፦ "እግዜር ይስጥልን፣ ደህና ነው።" ወረቀቱ ሁሉ "በጣም ረክቻለሁ" ሆነ። ቡድኑ መጠይቁን ትቶ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር አስታማሚዎች በሚያርፉበት በር አካባቢ ቁጭ ብለው እንዲጨዋወቱ አደረገ። ያኔ ነው ወሬው የወጣው። "ምን እንደሚቆረጥ ሳይሆን የት እንደምፈርም ነው የነገሩኝ" ያለ ልጅ አለ። "ሐኪሙ ለኔ በእንግሊዝኛ፣ ለነርሷ በአማርኛ ያወራል" ያሉ እናትም አሉ፤ ሳይቀልዱ ነው ያሉት።

ምን ተለወጠ?

የመጀመሪያው እርምጃ መለየት ነበር። የዲሲፕሊንና የቅሬታ ጉዳይ ሁሉ ከኮሚቴው ወጣ። ይህ በማኔጅመንቱ ዘንድ ክርክር አስነሳ። ቅሬታ የሚጥሉበት ቦታ ያጡ ኃላፊዎች አልወደዱትም። ሜዲካል ዳይሬክተሩ ግን ጸኑ። ኮሚቴው ስለ አንድ ባለሙያ ጥፋት እንደማይነጋገር፣ ቃለ ጉባኤውም ለቅጣት ማስረጃ እንደማይሆን በጽሑፍ ተለጠፈ።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ሙሉ ኮሚቴ ከመሰብሰቡ በፊት ሁለት ሰው አልጋው ዘንድ ይሄዳል፤ አንድ ነርስና አንድ ሐኪም፣ ታካሚውን የሚያክሙት ያልሆኑ። በዚያው ቀን። ደብዳቤ አያስፈልግም፣ ስልክ ይበቃል። ነርስ፣ አዋላጅ፣ አስታማሚ፣ ታካሚው ራሱ መደወል ይችላል።

ሦስተኛው በካርዱ ላይ መጻፍ ነው። ምክሩ በፋይል ሳይሆን በታካሚው ካርድ ላይ በአጭሩ ይሰፍራል። የመጀመሪያው መስመር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ታካሚው ራሱ ምን አለ? በራሱ አነጋገር። "እነሱ ያውቃሉ" ካለም እንዲሁ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ እንደገና ይጠየቃል፣ ቤተሰቡ ውጭ ቆሞ።

አባላቱም ተሻሻሉ። ከቆላው የሚመጡትን ታካሚዎች የሚያውቁ አንድ የሙስሊም ማኅበረሰብ ሽማግሌ ገቡ። ነርስ ምክትል ሰብሳቢ ሆነች። ጡረተኛው መምህርም ኮሚቴው ውስጥ እንዲቆዩ ተደረገ።

አንድ የሠራ ጉዳይ

ለውጡ ከተጀመረ በኋላ የመጣ ጉዳይ ነው። አርባዎቹ ውስጥ ያሉ እናት የማህፀን በር ካንሰር ተገኘባቸው። ወንድሞቻቸው ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ያዙት። "አደራ፣ እንዳትነግራት። ከሰማች ትሞታለች።" ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ያስፈልጋቸዋል። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ስለነበር የወረፋውን ወሬ የማያውቅ የለም። ወንድሞቹ በሬ ለመሸጥ ተስማምተዋል። ለሴትዮዋ የሚነገረው "ለምርመራ ነው" የሚል ነው።

ነርሷ ደወለች። ሁለቱ ሰዎች መጡ። ወንድሞቹን አልተቆጡም፣ በሕግም አላስፈራሩም። መጀመሪያ እነሱን ቁጭ አድርገው ሰሙ። ከዚያ ለሴትዮዋ ምርመራውን አልነገሯቸውም፤ ጠየቋቸው። "እትዬ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? በማን በኩል ቢነገርዎ ይሻልዎታል?" ሴትዮዋ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው "የሕመሙን ስም ለታላቅ ወንድሜ ንገሩት። እኔን ግን አንድ ነገር አትደብቁኝ። በሬው ይሸጣል ወይ?" አሉ።

በሬው የሚያርሰው የእሳቸውን መሬት ነው። ልጆቻቸው የሚበሉት ከዚያ ነው። እንዲሸጥም እንዳይሸጥም ለማለት ሕክምናው ምን ያህል ተስፋ እንዳለው ማወቅ ነበረባቸው። የጠየቁት ያንን ነው፣ የተነገራቸውም ያው ነው። ወንድሞቹ ባሉበት፣ በገባቸው አማርኛ። በመጨረሻ በሬው ሳይሆን ሌላ ከብት ተሸጠ፣ ሄዱ። ሕክምናው እንዴት እንዳበቃ እዚህ መናገር አልፈልግም፤ የኮሚቴው ሥራ በእሱ አይለካም።

እኔ ከግምገማው ሁሉ ይህንን ጉዳይ የምመርጠው "መንገር ወይስ አለመንገር" የሚለው ክርክር በአንድ ጥያቄ ስለተፈታ ነው። ቤተሰብን ገለል አድርጎ ለታካሚ ብቻ መናገር ከውጭ ተገልብጦ የመጣ ሥርዓት ሆኖ ይከብዳል። ታካሚን ገለል አድርጎ ለቤተሰብ ብቻ መናገር ደግሞ የቆየ ልማድ ስለሆነ ብቻ ልክ አይሆንም።

ያልሠራው

የቄሱ መኖር ሁለት ጎን ነበረው። ፀበል እንሂድ በሚሉ ቤተሰቦች ዘንድ የእሳቸው ቃል ከማንም ሐኪም ይከብዳል። "መድኃኒቱንም ፀበሉንም" ሲሉ ሰው ይሰማቸዋል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በጊዜያቸው የኤችአይቪ መድኃኒት ከፀበል ጋር መወሰድ እንደሚችል በይፋ ተናግረው ነበር፣ ቄሱ ይህንን ደጋግመው ያነሳሉ። ብዙ ታካሚ መድኃኒቱን ይዞ ሄዶ ለቀጠሮው ተመልሷል። በአንድ ጉዳይ ግን ታካሚዋ ቀዶ ሕክምና እሺ ያሉት መምሬን እምቢ ማለት ነውር ሆኖባቸው እንደሆነ ለነርሷ ተናገሩ። ስለዚህ አሁን ቄሱም ሽማግሌውም የሚመጡት ታካሚው ሲጠይቅ ብቻ ነው።

ስልኩም ብዙ ጊዜ ካርድ የለውም። ሳቅ ያስመጣል፣ ግን ሌሊት የሚደውል ነርስ መልሶ የሚደውልለት ካጣ ሁለተኛ አይደውልም። ሆስፒታሉ ለዚህች ትንሽ ወጪ የበጀት ርዕስ እስኪያገኝ ብዙ ጊዜ ባከነ።

ከባዱ የሰው መልቀቅ ነው። የሠለጠነው ሐኪም ለስፔሻሊቲ ይሄዳል፣ ነርሷ ትዛወራለች። ኮሚቴው የትርፍ ሰዓት ክፍያ የለውም። ሁለት ጎበዝ ሰዎች በአንድ ወቅት ሲለቁ ጥሪው ጸጥ አለ። ጥሪው ሲቀንስ አንዳንዱ "ዋርዶቹ ራሳቸው መፍታት ጀምረዋል" አለ። ሌላው "ሞቷል" አለ። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ካርድ ሲገላበጥ ማዋለጃ ክፍሉ በእርግጥ ራሱን ችሎ ነበር፤ የስምምነት ቅጾቹ በሴቶቹ ራሳቸው ጣት የታተሙ ናቸው። ቀዶ ሕክምና ዋርድ ግን ወደ ድሮው ተመልሷል።

ለሌላ ሆስፒታል የሚሆነው

ተመሳሳይ ግምገማ ማድረግ የሚፈልግ ሆስፒታል ከቃለ ጉባኤ ባይጀምር ይሻለዋል። በራሳቸው ፈቃድ ከወጡት ታካሚዎች መዝገብ ይጀምር። ከዚያ ጥቂት ካርድ አውጥቶ ማትሮን፣ አንድ ሐኪምና አንድ ከውጭ የመጣ ሰው አብረው ያንብቡት። ውጭ ያለው ሰው ያስፈልጋል፤ የለመደ ዓይን "ቤተሰብ ተስማምቷል" የሚለውን መስመር አልፎት ይሄዳል።

"ተስማሙ" የሚለው ውጤትም በጥንቃቄ ይታይ። አንድ ቤተሰብ ደክሞት ሊስማማ ይችላል። ገንዘቡ አልቆበትም ሊሆን ይችላል። ቄሱን ወይም ሲኒየር ሐኪሙን አፍሮም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከስምምነቱ ቀናት በኋላ በውይይቱ ያልነበረ ሰው ወደ ታካሚው ሄዶ "ምን ተባሉ? ምን መረጡ?" ብሎ ቢጠይቀው ይሻላል። ታካሚው የመረጠውን በራሱ አፍ መናገር ካልቻለ፣ ቃለ ጉባኤው ምንም ያህል ቢያምር ጉዳዩ ያልተሠራ ተብሎ ይያዝ።

ዲሲፕሊንን ከምክክር መለየት ገንዘብ አይጠይቅም። ከተደረጉት ሁሉ ብዙ የለወጠው እሱ ነው። ሥልጠናው የሁለተኛ ደረጃ ነው፤ የፈራ ባለሙያ ሠልጥኖም አይደውልም።

አሁን የቀረው ሪፈር የተጻፈላቸው ናቸው። ታካሚው ከበሩ ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ ደርሶ ምን እንደተነገረው፣ ማን እንደፈረመለት፣ ወይም ጨርሶ ሳይሄድ ቤቱ እንደገባ ኮሚቴው አያይም። ላያዘን ክፍሉ ስልክ እየደወለ እንዲያጣራ ታስቧል። የሚቀጥለው ግምገማ የሚጀምረው ከእሱ መዝገብ ነው።